የሰውነታችን ሞተርና ፍሬን

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን የጭነት መኪና ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሞተሩ ምንም ብርቱ ቢሆን ፍሬኑ የማይታመን እንደ ሆነ ያ መኪና ከገደል ይገባል። ደግሞም ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲወጣ ፍሬኑ ተይዞ አልለቅም ያለ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ እያጓራ መኪናው ካለበት ፈቀቅ አይልም። የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው። ሰውነታችን በሽታን የሚዋጋበት ኃይል በምን እንደሚገታ፥ መገቻውም ሲበዛ ወይም ቍጣው ሲያይል በሥጋ ደዌ በተያዘ ሰው ላይ ምን እንደሚደርስ ዛሬ ለቤተ ሰብ ልናስረዳ አስበናል።

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ጭፍሮች አሉ። ከነዚህም ወገን ቲ ሴል የሚባሉት፥ ባዕድ ተባይ ወደ ሰውነት ሲገባ ለይተው ያውቁታል፤ ሌሎቹንም ጭፍሮች ለጦርነት ያስነሡአቸዋል። ነገር ግን ጭፍራ የሚገታው አለቃ ከሌለው ጠላቱን ከጨረሰ በኋላ ያገሩን ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ከቲ ሴሎቹ መካከል ሥራቸው መዋጋት ሳይሆን ተዋጊዎቹን ማብረድ የሆነ ገቺዎች ይገኛሉ። እነዚህም የሚያበርድ ቅመም ይረጫሉ፤ ተዋጊዎቹ የሚበረቱበትንም ነገር ቀድመው ይወስዱባቸዋል። ግማሹ ከአባቱ የመጣውን ፅንስ የእናቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቈጥሮ እንዳይጥለው ከሚጠብቁት አንዱ የነዚህ የገቺዎች ሥራ ነው።

የገቺዎቹ ነገር የታወቀው በብዙ ድካም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓመት ገደማ ሪቻርድ ገርሾን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እንዳሉ ተናገረ። ነገር ግን ለይቶ የሚያሳያቸው ምልክት ስላልተገኘ ብዙዎቹ ሊቃውንት ነገሩን ወደ መተው ደረሱ። በ1995 ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ምልክታቸውን አሳየ። በ2001ም ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስ ፒ ሦስት የተባለውን ጂን አገኙ፤ ይህ ጂን የተበላሸበት ሕፃን የገዛ ጭፍሮቹ በገዛ ሰውነቱ ላይ ይነሡበታል። ስለዚህ ሥራ ሦስቱ በ2025 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1873 ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን ነው። ይህ ተባይ ሰነፍ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ምልክቱም እስኪገለጥ አምስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ሃያ ዓመት ይቈያል። አብዛኛው ሰው ተባዩ ቢደርስበት እንኳ በገዛ ሰውነቱ ኃይል ያሸንፈዋል። በአንዳንዱ ሰው ግን ጭፍሮቹ ተባዩን እያዩ ዝም ይላሉ፤ ተባዩም በቆዳና በነርቭ ውስጥ ይበዛል።

ስለ ምን ዝም ይላሉ? በሐኪሙ ስም በአዲስ አበባ፥ በአለርት ሆስፒታል አጠገብ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም ይህን ሲመረምር ኖሮአል። የተቋሙ ተመራማሪ ዶክተር ቅድስት ቦቦሻ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ባወጡት ጥናት፥ የገቺዎች ምልክት ያላቸውን ሕዋሳት ከበሽተኞች ደም ለይተው አወጡ። በዚህን ጊዜ ከበሽተኞቹ በከፊሉ ደም ውስጥ ዝም ብለው የነበሩት ተዋጊዎች ተባዩን ባዩ ጊዜ ተነሡ። እነሆ፥ ተይዞ አልለቅም ያለ ፍሬን ማለት ይህ ነው። ይህም ምርምር ነው እንጂ ገና ሕክምና አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። በሽተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ፥ ወይም ከጨረሰ በኋላ፥ ጭፍሮቹ በድንገት ይቈጣሉ። የቆዳው ምልክት ይቀላል፥ ያብጣል፤ የሚያም እብጠት በሰውነቱ ላይ ይወጣል፤ እጁ ወይም እግሩ ይዝላል፤ ዐይኑ አልከደን ይላል። በዚህ ጊዜ ነርቩን የሚያቃጥለው ከተባዩ ይልቅ የገዛ ሰውነቱ ቍጣ ነው። ቤተ ሰብ ግን ይህን አይቶ «መድኃኒቱ ጎዳው» ይልና ያስጥለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል፤ ሐኪሙ ቍጣውን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። በጊዜ የተረዳ ነርቭ ሊድን ይችላል፤ ብዙ ወራት የቈየ ግን አይመለስም።

እንግዲህ በደጀን፥ በቢቸናና በሞጣ ያላችሁ እናቶች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ገላ ስታጥቡ ቆዳቸውን ተመልከቱ። ከቀረው ገላ ደብዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ፥ የማያሳክክ፥ በጥጥ ቢነኩት የማይሰማ ምልክት ካገኛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱአቸው። እንደ ወተት የነጣው ለምጽ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ሲነኩት ይሰማል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ እንደ ደዌው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈጸማል፤ የጀመረውም ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። እጅዋ የደነዘዘባት ሴት ድስት ከምድጃ ስታወርድ በወፍራም ጨርቅ ትያዝ፤ ማታ ማታም የእጅዋንና የእግርዋን ቍስል ትመርምር።

ደዌው በዘር ይወርዳል የሚለው አሳብ ብዙ ቤት ጎድቶአል። ለልጆቹ ጋብቻ ሲል በሽተኛውን በጓዳ የሚሸሽግ ቤተ ሰብ፥ ሊድን የሚችለውን እጅ በገዛ ፈቃዱ ያጠፋዋል። ተባዩ የሚመጣ ከሰው ነው እንጂ ከአጥንትና ከዘር አይደለም። ስለዚህ በጊዜ የታየ ምልክት ለቤቱ ኀፍረት አይሆንበትም፤ የሚያሳፍረው ታይቶ የተሸሸገው ነው።