ባዶ መሬት በሌለበት ወላይታ ድንኳን የት ይተከላል?

ከወላይታ ሶዶ ከተማ የሚነሳ ተጓዥ የዳሞታ ተራራን፣ የአጆራ ፏፏቴን፣ የሁምቦን ደንና የአባያ ሐይቅን በጥቂት ቀናት ውስጥ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የማብሰያ ዕቃ በመኪናው ጭኖ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ በእነዚሁ ስፍራዎች አቅራቢያ ለማደር ያስባል። ይሁን እንጂ የወላይታ ዞን በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ለመንገደኛ ባዶ ሜዳ መስሎ የሚታየው ሣር የአንድ ቤተሰብ ላም የምትግጥበት ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጥላም የእንሰት ጓሮ ነው። ስለዚህ ድንኳን ከመትከል በፊት የሚነሳው ጥያቄ «የት?» ሳይሆን «በማን ፈቃድ?» የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው። አንዳንድ ተጓዦች ይህን «ማንም በፈለገበት ቦታ ያድራል» ብለው ሊተረጉሙት ይችሉ ይሆናል። ትርጉሙ ግን ይህ አይደለም። አርሶ አደሩ በይዞታው የመጠቀምና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በግል ይዞታ ላይ ለማደር የባለይዞታውን እሺታ፣ በወል ግጦሽ ላይ ለማደር ደግሞ የቀበሌውን አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ይገባል።

ፈቃድ መጠየቅ ከጨዋነት ባሻገር ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ዋነኛው የደኅንነት ዋስትና ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ደርሶ፣ በወላይትኛ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ አቅርቦ፣ ማንነቱንና የሚያድርበትን ሌሊት ብዛት የተናገረ እንግዳ ሌሊቱን ጎረቤት አግኝቶ ያድራል። ቢታመም ወይም መኪናው ጭቃ ቢይዘው የሚደርስለት ሰው አለ። በጨለማ ገብቶ ሳይናገር የተኛ ሰው ግን የአካባቢውን ነዋሪ ያስደነግጣል፣ ራሱም በጥርጣሬ ይታያል። በየማታው ያለበትን ቦታ ሶዶ ወይም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በስልክ ማሳወቁም ተገቢ ነው።

በዋሻው ውስጥ እሳት ለምን አይነድም?

የመጀመሪያው መዳረሻ ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው ዳሞታ ነው። ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ተዳፋቱ ላይ ሞቼና ቦራጎ የተባለው ሰፊ የዋሻ ጥላ ይገኛል። ተመራማሪዎች በዚህ ስፍራ ባደረጉት ቁፋሮ ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎችንና የጥንት ምድጃ ከሰሎችን አግኝተዋል። ከተመረመሩት ንብርብሮች ጥንታዊዎቹ ወደ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው።

ዝናብ ለያዘው ተጓዥ ይህ ጥላ ከድንኳን የተሻለ ማደሪያ ይመስላል። ችግሩ ያለው እሳቱ ላይ ነው። የንብርብሮቹ ዕድሜ የታወቀው በከሰሎቹ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዓይነት በመለካት ነው። 50 ሺህ ዓመት ዕድሜ ባለው ናሙና ላይ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ አዲስ ካርቦን ቢቀላቀልበት ውጤቱ ዕድሜውን ከ10 ሺህ ዓመት በላይ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። የአንድ ሌሊት ቡና ማፍያ አመድና በጫማ የተገለበጠ አፈር ዳግም የማይታረም ጉዳት የሚያደርሱት በዚህ ምክንያት ነው። የባልጩት ስባሪ ለማስታወሻ ብሎ ማንሳትም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ ቅርስ በ1992 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ጥበቃ ይደረግለታል። ዋሻውን በቀን ጎብኝቶ ድንኳኑን በታችኛው መንደር፣ በነዋሪ ግቢ መትከል ይሻላል።

ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄድ ቢላዋ

ከሶዶ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አረካ ወደ አጆራ መሸጋገሪያ ናት። አጃቾና ሶኬ የተባሉት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል የሚወረወሩበት የአጆራ መንትያ ፏፏቴ በክረምትና በመስከረም ወር ሞልቶ ይታያል፤ በበጋ ውኃው ይቀንሳል። የገደሉ አፋፍ በእርጥበት ስለሚያዳልጥ ድንኳን ከአፋፉ ራቅ ተደርጎ ይተከላል።

በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው እንሰት ለተጓዡ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ተክል ነው። ለምግብ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀው እንሰት ቀንደኛ ጠላቱ አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። በሽታው ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሸጋገርባቸው መንገዶች አንዱ የመቁረጫ ስለት ነው። ለመኝታ ንጣፍ ወይም ለዝናብ መከለያ ብሎ በአንድ መንደር ቅጠል የቆረጠ ተጓዥ፣ በማግስቱ በሌላ መንደር በዚያው ቢላዋ ቢቆርጥ በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ ሊያዛምት ይችላል። ቅጠል ካስፈለገ ባለቤቱ በራሱ ስለት ቆርጦ ይስጥ። አርሶ አደሩም ስለቱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፍ በእሳት ቢለበልበው በሽታውን ለመከላከል ይረዳዋል።

ከጉቶ የተመለሰው ደን

ወደ ሶዶ ተመልሶ የአርባ ምንጭን መንገድ የያዘ ሰው ሁምቦን ያገኛል። ተራቁተው የነበሩት የሁምቦ ተራሮች ያገገሙት በአብዛኛው በችግኝ ተከላ አልነበረም። መሬቱ ከንክኪ ተጠብቆ፣ ከቆዩ ጉቶዎችና ሥሮች የሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ተመርጠውና ተገርዘው እንዲያድጉ በመደረጉ ነው። ሥራው 2,728 ሄክታር የሸፈነ ሲሆን፣ አርሶ አደሮች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ያስተዳድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የንጹሕ ልማት አሠራር የተመዘገበው ፕሮጀክት ዛፎቹ ያከማቹትን ካርቦን ለዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ በመሸጥ ለማኅበራቱ ገቢ አስገኝቷል።

በዚህ ደን ውስጥ ያልጠፋ ፍም ጥሎ መሄድ የብዙ ቤተሰቦችን ሀብት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በበጋ የደረቀ ሣር እሳትን በፍጥነት ስለሚያዛምት ማብሰያው የጋዝ ምድጃ ቢሆን ይመረጣል። ለማደርም ማኅበራቱን ማነጋገር ያስፈልጋል።

የአባያ ዳርቻና የወባ ወቅት

ከዳሞታ አናት እስከ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከዳሞታ ወፍራም ብርድ ልብስ የፈለገ ሰው በሐይቁ ዳርቻ በሙቀት ይቸገራል። ሐይቁ አዞና ጉማሬ አለው። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ በመመላለሻው ላይ ድንኳን መትከል ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው ወባ ነው። በአገራችን በሽታው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ይተላለፋል፤ ዋናው ወቅቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ ጊዜ መንገዱ የሚደርቅበትና ጉዞ የሚያምርበት ወቅት መሆኑ ተጓዡን ሊያዘናጋው አይገባም። ቆላ የሚያድር ሰው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ከተሰማው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የት እንዳደረ ይናገር።

በከባድ ዝናብ ወቅት ደግሞ በተዳፋት ሥርና በወንዝ ዳር ማደር ፈጽሞ አይመከርም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በውኃ የጠገበ ተዳፋት መሰንጠቅ ሲጀምር ወይም ዛፎች ሲያዘነብሉ ቦታውን ወዲያውኑ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ለእንግዳውም ለነዋሪውም እኩል ይሠራል።

እንግዳ ለሚቀበል አርሶ አደር

ግቢውን ለድንኳን የሚፈቅድ አርሶ አደር ዋጋውን፣ የሌሊቱን ብዛትና እሳት የሚነድበትን ቦታ አስቀድሞ ቢነጋገር ኋላ ቅሬታ አይነሳም። ምቹ የሚሆነው ውኃ የማያቁር፣ ከከብቶች በረትና ከአሮጌ ዛፍ ሥር የራቀ ደልዳላ ቦታ ነው። እንጀራ፣ ቆሎ፣ ቡናና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ለቤተሰቡ ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል። መጸዳጃ ከሌለ እንግዳው ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠቀም፣ አፈርም ይመልስበት።

ቆሻሻን በተመለከተ መሸነጋገል አይገባም። ከብት የዋጠችው ፌስታል በጨጓራዋ ተጠራቅሞ ሊገድላት ይችላል። ላሟን ያጣ ቤተሰብ የሚያጣው ከአንድ ሌሊት ኪራይ ጋር የማይነጻጸር ነው። እንግዳው ያመጣውን ሁሉ ይዞ ይመለስ፤ ባለቤቱም ጠዋት ከመሰነባበታቸው በፊት ቦታውን አብሮት ዞሮ ይይ። ቦታው እንደነበረ ከተገኘ ቀጣዩ ተጓዥ ደጁን ሲያንኳኳ የሚከለክለው አይኖርም።