ልጅን «ሰነፍ» ከማለት በፊት

ልጅ በ7 ዓመቱ ከ1ኛ ክፍል ሲገባ ወላጆቹ ደብተርና እርሳስ ገዝተው፣ ልብሱን አጥበው፣ መርቀው ይሰዱታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የጎረቤት ልጅ ማንበብ ሲጀምር የእነርሱ ልጅ ገና ፊደል ሲያምታታ ያያሉ። በዚያን ጊዜ «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚል ቃል ከአንደበታቸው ይወጣል። ቃሉ ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ሸክሙ ከባድ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ራሱ የሚያስበው ታላላቆቹ ስለ እርሱ የሚሉትን ነውና፣ ደጋግሞ የሰማውን ስም እንደ ገዛ ስሙ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለውም በኋላ መጣጣሩን ይተዋል። ስለዚህ ወላጅ ከመፍረዱ በፊት የልጁን የእድገት ሥርዓት ማወቅ ይገባዋል።

ልጅ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ በየዓመቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ይህ እድገት ከጨቅላነቱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሥራ አያቋርጥም። አንጎሉ በ6 ዓመቱ ከአዋቂ ሰው አንጎል መጠን ከ10 እጅ 9 እጅ ያህል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋና ሥራ መጠኑን ማሳደግ ሳይሆን በክፍሎቹ መካከል ያለውን መገናኛ ማጽናት ነው፤ ይህም ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

የእጁንም ነገር እንመልከት። በእጅ አንጓ ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች ይገኛሉ። ልጅ ሲወለድ እነዚህ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ናቸው፤ በየተራቸው እየጠነከሩ ሄደው የመጨረሻይቱ አጥንት መሆን የምትጀምረው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ አጥንቱና ጅማቱ ገና በመጽናት ላይ ያለ ልጅ ጽሕፈቱ ከመስመር ቢወጣ፣ ጥቂት ጽፎም «እጄን ደከመኝ» ቢል፣ ማመካኘቱ ነው ብሎ መቆጣት አይገባም። ገጽ ሙሉ አስገድዶ ከማጻፍ ይልቅ ጥቂት መስመር በጥንቃቄ አስጽፎ ወደ ጨዋታ መልቀቅ ይሻላል።

የልቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) የልጅ አሳብ ከአዋቂ አሳብ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም እንደሚለይ አስተምረዋል። ማንም ወላጅ ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ይቅዱ፤ ልጁ እኩል መሆናቸውን ካመነ በኋላ የአንዱን ውኃ ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ ይገልብጡት። የ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ «በረጅሙ ያለው ይበልጣል» ይላል፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ግን «ያው ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም» ብሎ ይመልሳል። ይህ ማስተዋል በጊዜው ይመጣል እንጂ በአለንጋ አይመጣም። የአንድ እናት ልጆች እንኳ በአንድ ዕድሜ አይደርሱበትም።

የቤተ ክርስቲያናችን የንባብ ትምህርትም በደረጃ የተሠራ ነው። ተማሪው ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ፊደልን አንድ በአንድ እየለቀመ የሚያነብ ልጅ አሳቡ ሁሉ በፊደሉ ላይ ስለሚውል ምሥጢሩን ለመረዳት ኃይል አይተርፈውም፤ ፊደሉ ያለ ድካም ሲመጣለት ግን አሳቡ ወደ ትርጓሜው ይመለሳል። ስለዚህ አንብቦ «ምን ማለት ነው?» ቢሉት ዝም የሚል ጀማሪ ደነዝ አይደለም፤ በመንገድ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል መባሉ ስለዚህ አይደለምን?

ነገር ግን የዘገየውን ሁሉ ጊዜ ብቻ ያቀናዋል ማለት አይደለም። ፊደላችንን እንመልከት፤ ቡ፣ ቢ እና ቤ የሚለያዩት በቀኝ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ቅጥል ነው። ከኋላ የተቀመጠ፣ ዓይኑ ከሩቅ አጥርቶ የማያይ ልጅ ሦስቱን ከሰሌዳ ላይ ለይቶ ሊገለብጥ አይችልም። እርሱም «አይታየኝም» ብሎ አይናገርም፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና። እንደዚህ ያለው ልጅ በመነጽር ሊስተካከል ሲችል ስንት ጊዜ በሰነፍ ስም ተቀጥቷል! የጆሮም ችግር እንዲሁ ነው፤ መስማቱ የደከመ ልጅ እንደ ስ፣ ሽ እና ፍ ያሉትን ረቂቅ ድምፆች ያምታታል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲያነብ መጽሐፉን ወደ ፊቱ እጅግ ቢያቀርብ፣ ከሩቅ ሲመለከት ዓይኑን ቢያጨነቁር፣ ራሱን ደጋግሞ ቢያመው፣ ከኋላው ሲጠሩት ባይዞር፣ ወይም ጆሮው መግል ቢያወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በሚመግል ጆሮ ውስጥም ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አታፍስሱ። እንቅልፉንም ጠብቁለት፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እስከ እኩለ ሌሊት በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ፊት የቆየ፣ ቁርስም ሳይበላ የወጣ ልጅ በክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በመጨረሻም ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታመዛዝኑት፤ ከትናንት ራሱ ጋር እንጂ። የመስከረምን ደብተሩን ሳትጥሉ አኑሩት፤ በጥር ወር ከሚጽፈው ጎን ዘርግታችሁ አብራችሁት ተመልከቱ። የተሻለውን በጣታችሁ አሳዩት። ያልተሻለ ነገር ቢገኝም ከመቆጣት በፊት ወደ መምህሩ ሄዳችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ ሊነግራችሁ የማይችለው ነገር ይኖራልና።