ከስክሪን በታች ስለ ተሰወሩ ሴንሰሮችና ስለ ብርሃን እኩልነት

በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የእጅ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ ለብዙ ተማሪ መጽሐፍ፥ ለብዙ ነጋዴም የሒሳብ መዝገብ ሆኗል። ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቡና ሻጩ ገንዘቡ መግባቱን የሚያረጋግጠው ስክሪኑን አይቶ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ በአንድ ቦታ ቢደበዝዝ ጉዳቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካሜራና ሌሎች ሴንሰሮች ከስክሪን በታች ሲቀመጡ የብርሃን እኩልነት ለምን እንደሚጠፋ፥ በምንስ ዘዴ እንደሚመለስ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ስክሪን እንለይ። ኤልሲዲ የተባለው የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከጀርባው ያለ መብራት ያበራለታል። በኦሌድ ግን እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱ ያበራል። ለኦሌድ መሠረት የሆነውን ሥራ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ታንግና ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው። ኦሌድ የጀርባ መብራት ስለማያስፈልገው፥ ብርሃን በፒክሰሎቹ መካከል አልፎ ከበታች ወዳለው ሴንሰር ሊደርስ ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ብዙ ብርሃን እንዲያገኝ ክፍተቱ መስፋት አለበት፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ደግሞ የሚያበራው ስፍራ ይጠባል። ከስክሪን በታች ካሜራ ይዞ በብዛት ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያ ስልክ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የዜድቲኢ አክሰን 20 ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 3 በካሜራው ላይ ያሉትን ፒክሰሎች ስላሳሳ ቦታው እንደ ወንፊት ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የዢያኦሚ ሚክስ 4 ግን ፒክሰሎቹን ከማሳሳት ይልቅ እያንዳንዱን አሳነሰ፤ ወንፊቱም ከዓይን ተሰወረ።

ዳሩ ግን ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በካሜራው ላይ የሚያበራው ስፍራ ከሌላው ሩብ ብቻ ነው እንበል። እኩል ብርሃን ለመስጠት ያ ሩብ አራት እጥፍ መድመቅ ይኖርበታል። የኦሌድ ዕድሜ ደግሞ ከድምቀቱ ይልቅ ፈጥኖ ያጥራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ቀመር ድምቀቱን ከ1.5 እስከ 2 በሚደርስ አርቢ ያበዛዋል። 1.5ን ብንወስድ 4 በዚህ አርቢ 8 ስለሚሆን፥ ያ ስፍራ 8 ጊዜ ፈጥኖ ያረጃል ማለት ነው። ፒክሰሎቹ ቢሳሱም ቢያንሱም ሒሳቡ ያው ነው። እንግዲህ ዛሬ እኩል የሆነው ነገ ይለያያል።

ይህ ለወለጋ ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በበጋ ቀትር ሰማዩ ሲጠራ የፀሐዩ ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል፤ ስልኩም እንዲነበብ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ያወጣል። ስለዚህ በገበያ ሜዳ የሚውል ስልክ በቤት ከሚውለው ይልቅ ለእርጅና የተጋለጠ ነው።

የማስተካከያው ዘዴ ሦስት ነው። አንደኛው በፋብሪካ የሚደረገው ነው፤ ስክሪኑ በተለያየ ድምቀት እየበራ በካሜራ ይነሣል፥ የእያንዳንዱም ፒክሰል ጉድለት ተለክቶ ማረሚያው በማስታወሻ ቺፕ ይመዘገባል። ሁለተኛው የዕድሜ ቁጥጥር ነው፤ ስልኩ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንዳበራ እየቆጠረ፥ የደከመውን በዚያው መጠን ያበረታል። ሦስተኛው ጠርዙን ማለስለስ ነው። ዓይናችን ቀስ በቀስ የሚለወጥን ብርሃን ሳያስተውል ያልፋል፤ በስለታም ጠርዝ ላይ ግን 1 በመቶ ያህል ልዩነት እንኳ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ ድንበሩን በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ ማዋሐድ ይሻላል።

ከተሰወረ ካሜራ ይልቅ በእጃችን የሚበዛው ከስክሪን በታች ያለ የጣት አሻራ መለያ ነው። በብርሃን የሚሠራው ዓይነት አሻራውን የሚያየው ከአውራ ጣት በታች ያሉትን ፒክሰሎች አድምቆ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ያ ቦታ ቀድሞ ይደክማል።

ጥገናም የራሱ ነገር አለው። ስክሪኑ ተሰብሮ በኦሌዱ ፋንታ ርካሽ ኤልሲዲ ቢገባ፥ የጀርባው መብራት መንገዱን ስለሚዘጋ በብርሃን የሚሠራው አሻራ መለያ ሥራውን ያቆማል። ኦሌድ በኦሌድ ሲለወጥም፥ የዕድሜው ቆጠራ በዋናው ቦርድ ላይ ከቀረ፥ ስልኩ አዲሱን ስክሪን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ያልደከመውን ቦታ ሊያደምቅ ይችላል።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ተማሪ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ይሞክር። በጨለማ ክፍል ድምቀቱን ዝቅ አድርጎ፥ ስክሪኑን በሙሉ በደብዛዛ ግራጫ ይሙላ፤ የካሜራውንና የአውራ ጣቱን ቦታ ይመልከት። ቀጥሎም ነጩን፥ በመጨረሻም ቀዩን፥ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ይይ። የፋብሪካ ጉድለት በግራጫው ጎልቶ ይወጣል፤ እርጅና ደግሞ ቶሎ በሚደክመው በሰማያዊው ይገለጻል።

ይኸው ሙከራ ለምርምርም ይሆናል። በነቀምቴ፥ በጊምቢና በሻምቡ ያሉት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ስልኮች በአንድ ካሜራ፥ በአንድ ርቀትና በማይለወጥ የብርሃን መጠን እያነሡ፥ የአውራ ጣቱን ቦታ ድምቀት ከአካባቢው ጋር ቢያነጻጽሩ፥ ከአንድ ዓመትም በኋላ ቢደግሙት፥ የእኛ ፀሐይ ስክሪንን በምን ፍጥነት እንደሚያስረጅ በቁጥር ይታወቃል። የብርሃን እኩልነት በፋብሪካ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ስላልሆነ፥ እየለኩ መጠበቅ ያስፈልጋል።