የሌሊት ጕዞ በሞተር ብስክሌት፦ ስለ አራዊት የሚነገረው ተረትና እውነታው

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በሞተር ብስክሌት ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ ሰው፣ ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት አረፍ ባለ ቍጥር ከአንጋፋ ነጂዎች የሚሰማው ምክር ብዙ ነው፤ ጅብ ከብርሃን ይሸሻል፣ የሞተር ድምፅ የሰማ አውሬ መንገድ ይለቃል፣ ዓይኑ ከሩቅ ስለሚያበራ ሳይታይ አይቀርም፣ የሚያሠጋውም እኩለ ሌሊቱ እንጂ ምሽቱ አይደለም ይሉታል። እነዚህ ቃላት እንደ ትውፊት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው፤ ተናጋሪዎቻቸውም ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። ሆኖም አንድ የጋራ ጕድለት አለባቸው፤ ይኸውም የጥንቃቄውን ዕዳ ሁሉ ከነጂው ትከሻ አውርደው፣ ሕገ መንገድን ተምሮ በማያውቀው በአውሬው ላይ መጫናቸው ነው።

በመጀመሪያ የጅቡን ነገር እንመልከት። ጅብ ብርሃን ይፈራል የሚለው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ በየምሽቱ የሚታየው ነገር ባልታየ ነበር። በዚያ ስፍራ እንግዶች የመኪናቸውን መብራት ፊት ለፊት አብርተው ሲመለከቱ፣ ትከሻቸው ከፍ ወገባቸው ዝቅ ያለ ጅቦች አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ ሥጋውን ከሚያበላቸው ሰው እጅ፣ አንዳንድ ጊዜም እርሱ በጥርሱ ከነከሰው እንጨት ጫፍ ላይ መንትፈው ይመለሳሉ፤ ብርሃኑንም ከቁም ነገር አይቈጥሩትም። ጅብን የሚመራው ረኀብና ልማድ ነው። በትግራይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘውን ጠጕር በመመርመር፣ ምእመናን ከሥጋ በሚከለከሉባቸው በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የሚጣለው የሥጋ ትራፊ ስለሚያንስ፣ ጅቦች አህያ መብላትን እንደሚያበዙ አሳይቷል። እንግዲህ ሁዳዴ ሲገባ በከተማ ዳርቻ፣ አህዮች በሚያድሩበት መስክ አጠገብ ሌሊት የሚያልፍ ነጂ፣ ከሌላው ወራት ይልቅ መጠርጠር ይገባዋል። ጅቡን የሰው ልዋጭ፣ የቡዳ ሥራ አድርጎ የሚያወራው አሮጌ ተረት ግን፣ ስንቱን ባለ እጅ ያለ ኀጢአቱ ያስነወረ ስለ ሆነ፣ ከመናቅ በቀር ሌላ መልስ አያሻውም።

የአራዊት ዓይን ያበራል መባሉ በግማሹ እውነት ነው። የብዙ አራዊት ዓይን፣ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን በስተኋላ፣ ያመለጠውን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሌላ ንጣፍ ተሰጥቶታል፤ በጽልመት ውስጥ ሁለት ፍም መስሎ የሚታየንም የገዛ መብራታችን ተመልሶ ነው። ነገር ግን አውሬው ፊቱን ወደ መብራቱ ካላዞረ የሚመለስ ነገር የለም፤ ሣር ለመጋጥ ያቀረቀረ ሳላ ወይም ጀርባውን የሰጠ ድኩላ፣ ከአፈሩና ከቍጥቋጦው ጋራ አንድ ሆኖ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ንጣፉ ጨርሶ የሌላቸው እንስሳት አሉ፤ የአሳማ ወገን፣ ዝንጀሮና ግመል ከእነዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ በሰርክ ወደ ጕድጓዱ የሚመለሰውን ከርከሮ በዓይኑ ብርሃን አገኘዋለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል። ግመል አውሬ ባይሆንም፣ በአፋር ቆላ ሌሊት የሚነዳ ሁሉ ከአራዊት ሁሉ አብልጦ ሊፈራው ይገባል። አጭር መብራት የሚያሳየው አራት ቀጫጭን፣ አቧራ የለበሱ እግሮችን ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ገላ ከብርሃኑ በላይ በጨለማ ተሰውሮ ይቈማል፤ እግሮቹ የተመቱ እንደ ሆነም የሚወድቀው በነጂው ላይ ነው።

የሞተር ድምፅ ያባርራቸዋል ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት በሚያጓሩበት ጐዳና ዳር የሚኖር እንስሳ፣ ድምፁን እንደ ነፋስ ለምዶታል። በውጭ አገርም ከተሽከርካሪ ፊት ተለጥፎ አጋዘን ያባርራል የተባለ ፉጨት ሲሸጥ ኖሯል፤ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ከመኪና የተለቀቁት ድምፆች የአጋዘኖቹን ጠባይ አደጋን በሚከላከል መንገድ እንዳልለወጡት ገልጸዋል። አውሬው በመንገድ መካከል ተገትሮ ሲቀርም ግትርነት አይደለም፤ ለጨለማ የተከፈተው ዓይኑ በድንገት በብርሃን ስለሚታወር የሚሸሽበትን አያይም። በዚህ ጊዜ ረጅሙን መብራት ዝቅ አድርጎ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ በአጭሩ ክላክስ ማድረግ፣ ከዚያም ማለፊያ ጊዜ መስጠት ይበጃል፤ መብራቱን ፈጽሞ ማጥፋት ግን ሁለት ዕውራንን በአንድ መንገድ ላይ ማገናኘት ነው። አንዱ ተሻግሮ ሲያበቃም ነዳጅ ለመስጠት መቸኰል አይገባም፤ መንጋ ሆነው የሚሄዱት ተከታትለው ይሻገራሉና።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ስለ ገዛ ራሳችን ችሎታ ያለን እምነት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ያየውን አስተውሎ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ተኩል ሴኮንድ ቢፈጅበት 33 ሜትር አልፏል፤ ደኅና ፍሬንና ደረቅ አስፋልት ቢኖረውም እስኪቈም ሌላ 35 ሜትር ያስፈልገዋል፤ በድምሩ 68 ሜትር መሆኑ ነው። የብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች አጭር መብራት ግን አንድን ጥቍር አካል አጕልቶ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ቢሆን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ይህ ነጂ የሚቈመው ከእንስሳው ጋራ ከተገናኘ በኋላ ይሆናል። ፍጥነቱን ወደ 40 ዝቅ ቢያደርገው ግን 25 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

የፊት ፍሬን ይገለብጣል እየተባለ ስለሚነገርም፣ ብዙ ወጣቶች በእግራቸው የኋላውን ብቻ ይረግጣሉ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚያዘነብል፣ ከማቈሚያው ኀይል አብዛኛው የሚገኘው ከፊተኛው ነው፤ የሚገለብጠው በድንጋጤ በአንድ ጊዜ ጨብጦ መያዙ ነው እንጂ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መጭመቁ አይደለም። በአሸዋና በጠጠር ላይ ብቻ እጅን ማለዘብ ያሻል። መሪን በድንገት አጥምዞ አውሬውን ሸሽቶ ማለፍም እንዲሁ የማያዋጣ ነው፤ አውሬው በየትኛው ወገን እንደሚዘል እርሱ ራሱ ገና አልወሰነም፤ ሞተሩን ሳያጋድሉ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ፣ ማለፍ ግድ ከሆነም በእንስሳው ጀርባ በኩል ማለፍ ይሻላል። የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ ሞትን በ42 ከመቶ፣ የራስን ጕዳት በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያመዛዘነ ምርመራ አረጋግጧል፤ የተጫጫረ ወይም የጠቈረ መስተዋቱ ግን ሌሊት ሌላ መጋረጃ ነውና ይለወጥ።

እኩለ ሌሊት ብቻ ያሠጋል የሚለው ቀሪ ነው። ከአራዊት ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት በሰርክና በነግህ፣ ይኸውም ከማታው 12 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ደግሞም ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰውም ወደ ቤቱ የሚቸኵለው በዚሁ ሰዓት ነው። በባሌ፣ ወደ ሮቤ የሚወስደው ጐዳና በዲንሾ አጠገብ የጋይሳይን ሣር ሲያልፍ፣ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚመዝነው፣ በሰርክ ለግጦሽ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ጐዳና ለሁለት ተከፍሏል፤ ሳላዎቹ በደቡብ በኩል ባለው በኢላላ ሳላ ሜዳ ሲሰማሩ የተሽከርካሪውን መንገድ እንደ ድንበር አያከብሩትም። በዚሁ ጐዳና ከመተሐራ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት በ80 የሚሄድ ነጂ 23 ደቂቃ ገደማ፣ በ40 የሚሄድ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ 22 ደቂቃ ነው።