ከአርማታው በፊት

መርካቶ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ፕላኑን ገና ሲገልጥ የሚጠይቀኝ ስለ ቤዝመንቱ ነው። «ኢንጂነር፣ ታች ስንት ሱቅ ይወጣዋል?» ይላል። አይፈረድበትም። ስለዚህ እንቆፍራለን። የአፈር ምርመራው አፈሩ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከምና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይነግረናል። ከአፈሩ ስለሚወጣው ጋዝ ግን የሚጠይቅ የለም።

ጋዙ ራዶን ነው። አለትና አፈር ውስጥ ያለ ዩራኒየም ዘመናት ፈጅቶ ሲፈራርስ ይፈጠራል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በወለል ስንጥቅና በቱቦ ዙሪያ በቀረ ክፍተት ወደ ቤት ይገባል። ደጅ ነፋስ ይበትነዋል፤ የታፈነ ክፍል ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ለሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ቀጥሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤከሬል (የጨረር መለኪያ) እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህ ካልተቻለም ከ300 እንዳያልፍ።

አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆ ጫፍ፣ በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቁሩ ባዛልት ይልቅ እንደ ኢግኒምብራይትና ትራካይት ባሉት አለቶች ዩራኒየም በዛ ይላል፤ ከተማችን ሁሉም አሏት። ይህን ስል መርካቶ ተበክላለች ማለቴ አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሕንፃዎች እንኳ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ካልተለካ አይታወቅም።

የብርድ አገሮችን የራዶን ደንብ እንዳለ እንቅዳ ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። እዚያ ቤቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣና የአፈሩን ጋዝ ይስባል፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። እኛ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ሱቅ ይለካ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። የእኛ ጉዳይ ቤዝመንቱ ነው። ፕላኑ ላይ የአየር መውጫ አለው፤ ሱቁ ከተከራየ በኋላ ግን መደርደሪያ ይቆምበታል፣ ካርቶን ይከመርበታል። ማታ መዝጊያው ይወርዳል። ጥበቃው እዚያው ያድራል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍተው ልጅም ሌሊቱን የተጠራቀመውን አየር ይስባል።

አንድ አሠሪ ይህን ስነግረው «እሳቱ አልበቃን ብሎ ነው?» አለኝ። በጥቅምት 2017 እዚያው መርካቶ፣ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው ቢለው አያስገርምም። እሳት ይቀድማል፤ አልተከራከርኩትም። ግን የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ከወለሉ ሥር በሚነጠፈው ድንጋይ መሀል የተበሳሳ ፒቪሲ ቱቦ መዘርጋት፣ ከድንጋዩ በላይ የሚነጠፈውን ላስቲክ መጋጠሚያው ላይ ደርቦ በደንብ ማሸግ፣ ቱቦውን እስከ ጣሪያ ማውጣት። ልኬቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ማራገቢያ ይገጠምለታል። ይህ ሁሉ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ከተሞላ በኋላ ግን ሱቅ አስለቅቆ ወለል መስበር ነው።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ራዶንን በስም አያነሳም። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ቤዝመንት የመጠቀሚያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት እንዲለካ መመሪያ ቢወጣ እደግፋለሁ። በር ዘግቶ ለጥቂት ቀን መለካት ፍንጭ ይሰጣል፤ ሦስት ወር የሚቆየው ትንሽዬ መለኪያ ይበልጥ ይታመናል። መመሪያው እስኪወጣ ግን፣ መርካቶ ላይ ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ሁሉ፣ አርማታ የሚሞላበትን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ቱቦው መሐንዲሳችሁን ጠይቁ።