ደጋና ቆላ፦ ስለ ደቡብ ጎንደር የሚባለውና እውነታው

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የተጓዘ ሰው ብዙ ጊዜ በመስኮት ያየውን ይዞ ስለ ደቡብ ጎንደር ዞን ሁሉ ይናገራል። ሰውንና የአየር ንብረትን አያይዘን የምንናገራቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ለጨዋታ ያህል የሚባሉ ናቸው። ሌሎቹ ግን ዘር ሲመረጥ፣ በሽታ ሲመረመር፣ ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ዋጋ ያስከፍላሉ። ስድስቱን ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

ተረት 1፦ ደቡብ ጎንደር ደጋ ነው

እውነታ፦ ለደብረ ታቦር ከተማ ልክ ነው፤ ከተማዋ ያለችው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዞኑ ግን ሌላ ነው። በምዕራብ ያለው የጣና ሐይቅ ወለል 1,800 ሜትር አይሞላም፤ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሳሳና እየሰፋ፣ በዚያው ልክ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በጣና ዳርና በጉና አናት መካከል 15 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ከሚኒሶታ ብርድ ሸሽቶ ወደ ቴክሳስ ሙቀት ሲሄድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያቋርጣል። እዚህ ግን አየሩን ለመለወጥ መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ መውጣትና መውረድ ይበቃል። በተለመደው አከፋፈል ከ1,500 ሜትር በታች ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ነው። ደቡብ ጎንደር አራቱም አሉት። ጅባራ የሚበቅልበት የጉና አናት ውርጭ ነው። ፋርጣና ላይ ጋይንት በአብዛኛው ደጋ፣ ፎገራና ደራ በአብዛኛው ወይና ደጋ ናቸው። ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀው የእብናት ክፍልና የስማዳና የታች ጋይንት ሸለቆዎች ደግሞ ቆላ ናቸው። አንዱ ወረዳ ራሱ ሁለትና ሦስቱን የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተረት 2፦ ብርዱ የሚጠናው በክረምት ነው

እውነታ፦ በክረምት የሚቀዘቅዘው ቀኑ ነው፤ ደመናው ፀሐይን ይከልላል። ሌሊቱ የሚከፋው ግን ሰማይ በሚጠራበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆይላታል፤ ሰማዩ ባዶ ሲሆን ሙቀቱ በአንድ ሌሊት ያልቃል። በእኛ ደጋ ቀኑ የሚሞቀው ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው።

ውርጭ ደግሞ ቦታ ይመርጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ላይ ማሳውን ሲያዩት ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ቅጠሉ ጠቁሮ ሲገኝ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ በተረተሩ ወገብ ላይ ያለው ደህና አድሮ ሊሆን ይችላል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስም የሚጎዳው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ በደጋ መሬት ሲመረጥ የአፈሩን ያህል የማሳው አቀማመጥም ይታያል።

ተረት 3፦ ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት

እውነታ፦ በመጀመሪያ፣ የደብረ ታቦር በዓል የሚባለው ቡሄ የከተማዋ በዓል አይደለም። በዓሉ ስሙን ያገኘው ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት በቅድስት ሀገር ካለው የታቦር ተራራ ነው፤ ከተማዋም የተሰየመችው በዚሁ ስም ነው። ጅራፉም ችቦውም በሌሎች አካባቢዎችም አለ።

አባባሉን በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር እንመዝነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ቢቆጠር ከቡሄ በፊት 47 የክረምት ቀናት አልፈዋል፤ ከቡሄ በኋላም 47 ቀናት ይቀራሉ። ቡሄ የክረምቱ ልክ እኩሌታ ነው ማለት ነው። በሰማዩም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ አካባቢ ከፍተኛውን ዝናብ የሚያወርዱ ወራት ናቸው፤ ዝናቡ መስከረምም ይገባል። አባባሉ እውነት የሚኖረው ጭጋጉ መሳሳት፣ ቀኑም መገለጥ መጀመሩን ሲናገር ነው። ቃል በቃል ይዞ በጥቁር አፈር ላይ ውኃው ሳይሸሽ ሽምብራ ወይም ጓያ የሚዘራ ሰው ግን ዘሩ ይበሰብስበታል።

ተረት 4፦ ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ለእርሻ አይሆንም

እውነታ፦ የፎገራ ሜዳ ሲጥለቀለቅ ዝናቡ የግድ እዚያው ላይ መዝነብ የለበትም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ወገብ ተነስተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን ያቋርጣሉ። የጉና ዶፍ ፎገራ ላይ ጎርፍ ይሆናል፤ ከጉና የታጠበው አፈርም ፎገራ ላይ ያርፋል። ሜዳው ለዘመናት በፎገራ ከብት የታወቀው ጎርፉ ሲሸሽ ለምለም ግጦሽ ስለሚተው ነው።

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባገዙበት ሥራ ሩዝ እዚህ ተሞከረ። በዚያ የተነሣ በስፋት የተዘራው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ ጅግና የደራ አካባቢ ስም ነው። የሚተኛ ውኃ ለብዙ ሰብል ጠላት ነው፤ ለሩዝ ግን ወዳጅ ነው፤ በክረምት የማይታረስ የነበረው መሬት ሰብል ያዘ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። በአካባቢው የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል፤ ገለባውም ለከብቱ ይሰጣል። ከአንድ ትውልድ በፊት እንግዳ እህል የነበረው ሩዝ አሁን የማጀት እህል ነው። ባህልም እንደ ሰብሉ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ተረት 5፦ የቆላ በሽታ ከፍ ወዳለ ቦታ አይወጣም

እውነታ፦ ይህ ከስድስቱ ሁሉ አደገኛው ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የመታው በዋናነት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አካባቢዎች ነው። ወባ ብዙ የማያውቃቸው ስለነበሩ ሰዎቹ የመቋቋም አቅም አልነበራቸውም። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዞኑ ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሣ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላዎች ነበር። በዚህ ከፍታ ይመጣል ተብሎ ስላልታሰበ ብዙዎቹ ሕመምተኞች በመጀመሪያ የታከሙት ወባ ነው ተብለው ነው፤ ትኩሳቱም አልለቀቃቸውም። በሽታውን ያመጡት ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርደው የተመለሱ ወገኖች እንደሆኑ ይገመታል፤ ዝንቡ ግን እዚያው ሊቦ ስለነበረ ከቤት ያልወጡ ልጆችም ታመሙ። ትኩሳቱ አልለቅ ላለው፣ ለከሳና ጣፊያው ላበጠ ሰው ሐኪሙ የሚያነሣው ጥያቄ የት ይኖራል ብቻ አይደለም፤ የት ሠርቶ መጣ ብሎም ይጠይቃል።

ተረት 6፦ ደገኛ እንዲህ ነው፣ ቆለኛ እንዲያ ነው

እውነታ፦ አየሩ ልብስን፣ ቤትን፣ ምግብን ይለያል። ደጋው በገብስ፣ በድንችና በባቄላ ይኖራል፤ የፋርጣ በግም ጠጉሩን ለብርዱ ይዞ ይዞራል። ቆላው በማሽላ ይኖራል። ጠላው፣ እንጀራው፣ ደቦ የሚጠራበት ወር ይለያያል። ደቦው፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው ግን በሁለቱም አለ። ጠባይን ከፍታ ይሠራዋል የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይቆማል።

በአሜሪካም የደቡብ ክፍለ ግዛቶችን ሰው ሙቀቱ አስንፎታል ይባል ነበር። ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመ የጤና ኮሚሽን ሲመረምር ብዙዎቹን ያደከማቸው ሁክወርም የሚባል የአንጀት ትል ሆኖ ተገኘ። ትሉ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ ደም ይመጥጣል። ጠባይ የተባለው ደም ማነስ ነበር፤ መድኃኒቱም መጸዳጃ ቤት፣ ጫማና እንክብል ሆነ። እኛም ወባ በሚያመላልሰው ቆላ ያለውን ሰው ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህን ልናስብ ይገባል። ደግሞስ የትኛው ደገኛ? ለሰሊጥ ቆላ የሚወርደው፣ ለሩዝ አረም ፎገራ የሚሠራው፣ ልጁን ቆላ የዳረው የጋይንት ሰው በዓመት ውስጥ በሦስት አየር ይኖራል።

ለአንድ ዞን አንድ ዘር፣ አንድ የመዝሪያ ቀን፣ አንድ የጤና ዕቅድ ሲነገር ባለሥልጣኑም ገበሬውም ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ የቦታው ከፍታ ስንት ነው? ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ሰዉስ ለሥራ የት ይወርዳል? የጉና ተዳፋት ከተራቆተ ፎገራ በደለል ይሞላል፤ ቆላው ካልታከመ ደጋው ይታመማል። ደጋና ቆላ እርስ በርስ ተሳስረው የሚኖሩ የአንድ አገር ክፍሎች ናቸውና፣ ለአንዱ የሚታሰበው ሁሉ ሌላውንም አስቦ መሆን አለበት።