ቆሞ የሚያጨስ መኪናና ባልንጀራን መውደድ



ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት ስናነሳ ስለ ጸሎት፣ ስለ መስጠትና ስለ ምስክርነት እንነጋገራለን። ስለ መኪናችን ሞተር ግን አንነጋገርም። ሐዋርያው ጳውሎስ ፍቅር በባልንጀራው ላይ ክፉ እንደማያደርግ ያስተምረናል (ሮሜ 13፥10)። ይህ ቃል መሪ ስንጨብጥም ይሠራል።

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ወይም በባልቻ ሆስፒታል ደጅ ሰው የሚጠብቁ መኪኖችን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ቆመው ሞተራቸው ይሠራል። ተራ የሚጠብቁ ታክሲዎችም እንዲሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በየቤተ ክርስቲያናችን ግቢም ይኸው ይታያል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

1. ገንዘብ ይባክናል። መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት ሁኔታ ቆሞ የሚሠራ አውቶሞቢል እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይፈጃል። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብናሰላው በዓመት ከ100 ሊትር ይበልጣል። አገራችን ደግሞ ነዳጅ የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ነው። ጌታ ኢየሱስ አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ እንኳ ትርፍራፊው እንዲሰበሰብ አዟል (ዮሐ. 6፥12)።

2. ሰው ይታመማል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። ጭሱን የሚተነፍሰው ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ውጭ ያለው ሰውም ነው፦ ታክሲ የሚጠብቀው ተሰላፊ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ አፍንጫው ከጭስ ማውጫው እኩል የሆነው ሊስትሮና በእናቱ እጅ የተያዘው ሕፃን።

«ማጥፋትና ማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይበላል» የሚሉ አሉ። በኢንጄክሽን በሚሠሩ መኪኖች ግን ከ10 ሴኮንድ በላይ ቆሞ መሥራት እንደገና ከማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይወስዳል። ጠዋትም ረጅም ማሞቅ አያስፈልግም፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ ብሎ መንዳት በቂ ነው። ባትሪው ወይም ሞተሪኖው የደከመበት ሰው ያስጠግነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በሚንቀሳቀስ የመኪና ሰልፍ መካከል አናጥፋ። ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አናጥፋ፤ ፍሬኑና መሪው ይከብዳሉና። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሞተር አናስነሳ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ዛሬ በእጃችን ነው።

ምን እናድርግ? ሰው ስንጠብቅ ቁልፉን እንመልስ። መሪዎች ከማስታወቂያ ጋር ይህን ያሳስቡ፤ አስተናጋጆችም በመኪና ማቆሚያው ሹፌሮችን በትሕትና ይጠይቁ። የታክሲ ሹፌሩንም፣ «ወንድሜ፣ ተራህ እስኪደርስ ብታጠፋው?» እንበለው እንጂ አንቆጣው፤ እንጀራውን ፍለጋ ላይ ነውና።

እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ለእኛ የተሰጠን ሰፈር ልደታ ከሆነ፣ የምንጠብቀው የልደታን አየርና የሚተነፍሰውን ሕዝብ ነው።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።